ጽድቁ የነጋዴው፣ ጾሙ የሸማኔው እንዳይሆን

ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ግድም በምትርቀው ደብረ ማርቆስ የጋቢ ገበያ የሚሞቀው ጤፉ ተወቅቶ ገበሬው ጥሬ ገንዘብ ሲይዝ ነው። ከገና በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው የሠርግ ወራት ለሸማኔውም፣ ለፈታይዋም፣ በመሐል ለሚቆመው ደላላም የዓመቱ ደጉ ጊዜ ነው። ክረምቱ ሲቃረብ ግን ደጋው ቢበርድም ገዥው ገንዘቡን ለማዳበሪያና ለዘር ያውላል፤ ጋቢው መደርደሪያ ላይ ይተኛል።

ጋቢ፣ ነጠላ፣ መሶብና አገልግል እየሸጡ ከገቢው ወላጅ የሌላቸውን ሕፃናት ወይም ጧሪ ያጡ አረጋውያንን መርዳት ለሚያስብ ባለ ገንዘብ የጎጃም ደጋ የሚመች አገር ይመስላል። ባለሙያው አለ፣ ስንደዶውና አክርማው አለ፣ ለቆሎ ተማሪ ቁራሽ መንፈግ ነውር የሆነበት ሕዝብም አለ። የሚያስቸግረው ሂሳቡ ነው።

ለማስረዳት ያህል የአንድ ጋቢ መሸጫ ዋጋ 100 ብር ነው እንበል። ክርና ፈትል 40፣ የሸማኔው የእጅ ዋጋ 30፣ ኪራይ፣ ማጓጓዣና ግብር 18 ብር ቢወስዱ ለባለ ሱቁ 12 ብር ይቀራል። ይህ ባለ ሱቅ በሩ ላይ «ከእያንዳንዱ ሽያጭ 10 በመቶው ለወላጅ አልባ ሕፃናት» ብሎ ከለጠፈ እጁ ላይ የሚቀረው 2 ብር ብቻ ነው። ክርና ፈትል 5 በመቶ ከጨመሩ ያ 2 ብር አለቀ። 10 በመቶ ከጨመሩ ደግሞ ሌላ 2 ብር ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት። ኪራዩ አይቀነስም፣ ግብሩ አይቀነስም፣ በር ላይ የተለጠፈውም ቃል አይታጠፍም። የሚነካው የሸማኔው 30 ብር ነው። ደንበኛው ተባርኮ ይሄዳል፣ ባለ ሱቁ ይመሰገናል፣ የልግስናው ዋጋ ግን ስሙ በማስታወቂያው ላይ ካልተጻፈው ሰው ኪስ ወጥቷል።

ሂሳቡን ከሌላ ጫፍ የጀመሩ ሰዎች በዚሁ በአማራ ክልል ይገኛሉ። ከባሕር ዳር ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ፣ ወረታን አለፍ ብሎ በፎገራ ወረዳ የሚገኘው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ አነሳሽነት ተመሠረተ። በደርግ ዘመን መጨረሻ ላይ አባላቱ ከቀያቸው ተሰድደው ወደ ቦንጋ ወረዱ፤ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ሲመለሱ የቀራቸው መሬት 17.5 ሄክታር ብቻ ነበር። በዚያች መሬት ያን ሁሉ ቤተሰብ በእርሻ ብቻ ማኖር የማይቻል ስለነበር ፊታቸውን ወደ ሽመና፣ ወደ ወፍጮና ወደ ንግድ አዞሩ። ሽመናው የመሬት ጥበት የወለደው ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

ጎብኚ ወደ አውራ አምባ ሲሄድ በአብዛኛው የሚደነቀው ሴት ስትሸምን፣ ወንድ ሲፈትል በማየቱ ነው። ለነጋዴ ግን ይበልጥ የሚጠቅመው «ለወገን ደራሽ» ብለው የሚጠሩት አሠራር ነው። አባላቱ ከሳምንቱ የሥራ ቀናት አንዱን ለችግረኞች ይሠራሉ፤ የዚያ ቀን ገቢ ለአረጋውያን፣ ለሕሙማንና ወላጅ ለሌላቸው ልጆች ይውላል። ጧሪ የሌላቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የሚጦሩበት ቤትም ሠርተዋል። የቀሩት ቀናት ገቢ የጋራ ሆኖ ለአባላቱ ይከፋፈላል።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። እነርሱ የሚሰጡት የሥራ ቀን ነው፤ ከሽያጭ ላይ በመቶኛ ተቆርጦ የሚሰጥ ገንዘብ አይደለም። ክር ሲወደድ የዚያች ቀን ገቢ ይቀንስ ይሆናል፣ የሌሎቹን ቀናት የእጅ ዋጋ ግን አይበላም። እርዳታው ከገበያው ጋር ይወርዳል፣ ከገበያው ጋር ይወጣል። ቀኑን የሚሰጠውም ራሱ ሠራተኛው ነው፤ ምን ያህል እንደሰጠ ያውቃል።

ይህን አሠራር እንዳለ ገልብጦ ደብረ ማርቆስ ላይ መትከል ግን አያዋጣም። አውራ አምባ አንድ መንደር ነው፤ ሸማኔውም፣ ባለ ንብረቱም፣ ረጂውም ያው ሰው ነው። ሸማኔ ቀጥሮ ወይም በቁራጭ እየገዛ የሚሠራ ነጋዴ የሌላውን ሰው ቀን ሊለግስ አይችልም፤ ቀኑን ከፍሎ መግዛት አለበት። በሥራ ላይ ሲተረጎም፣ ስድስት ሸማኔ የሚያሠራ ሱቅ የአንዱን ሸማኔ ምርት ለበጎ አድራጎት ለይቶ፣ የእጅ ዋጋውን እንደሌሎቹ ሞልቶ ከፍሎ፣ የክሩንም ወጪ ችሎ፣ ከዚያ ምርት ሽያጭ የተረፈውን በሌላ መዝገብ ላይ ማስፈር ይችላል። ገንዘቡ ከመቶኛው ማስታወቂያ ያነሰ ሊመስል ይችላል። ከሸማኔው አለመወሰዱ ግን በመዝገቡ ይታያል።

እዚህ ላይ ፈታይዋ መረሳት የለባትም። ጥጡ ተዳምጦ፣ በደጋን ተነድፎ፣ በእንዝርት እስኪፈተል የሚፈጀው ጊዜ ሽመናው ከሚፈጀው ይበልጣል። በብዙ ቦታ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው፤ ማጉን የምታወጣው ሴት ቤቷ ተቀምጣ ከሌላ ሥራ ጋር ስለምትሠራው ዋጋዋ እንደ ትርፍ ጊዜ ይቆጠራል። ለችግረኛ ሴቶች እንሠራለን የሚል ሱቅ ከፈታይዋ የሚገዛበትን ዋጋ ለሸማኔው ከሚከፍለው ጎን አስቀምጦ ካላየው ሴቶቹን የሚረዳውም የሚጎዳውም እርሱ ራሱ ይሆናል።

የክብርም ጉዳይ አለ። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔን፣ ቀጥቃጭንና ሌላውን ባለ እጅ በሙያው የሚሳደብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ «ቁጢት በጣሽ» የሚለው ስድብ ግን አሁንም ቋንቋው ውስጥ አለ። ባለ እጁን ለምጽዋት እንደቀረበ ሰው አድርጎ የሚያሳይ ማስታወቂያ ያንኑ ንቀት በጨዋ ቃል መድገም ነው፤ ለገበያም አይበጅም።

ለምን እንደማይበጅ አዲስ አበባ ላይ በቂ ማስረጃ አለ። በአለርት ሆስፒታል አካባቢ በሥጋ ደዌ የተጠቁ ሰዎች የሠሩት ጥልፍ፣ ከእንጦጦ ማገዶ ይሸከሙ የነበሩ ሴቶች የሸመኑት ሻርፕ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመው ሳባሃር የሚያወጣው የሐርና የጥጥ ጨርቅ ገዥ ያገኙት ዕቃው ራሱ የሚፈለግ በመሆኑ ጭምር ነው። ለነፍሱ ብሎ የሚገዛ ሰው አንድ ጊዜ ይገዛል። ቀለሙ የማይለቅ፣ ጠርዙ የማይተረተር ሆኖ ያገኘው ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ከውጭ የሚገባው በፋብሪካ የታተመ የሐበሻ ልብስ በርካሽ ዋጋ በየሱቁ በተሰቀለበት ገበያ፣ የእጅ ሥራ በዋጋ ተወዳድሮ አያሸንፍም። የሚወዳደረው በጥራቱና በጥበቡ ነው።

ቱሪስትን ብቻ ተማምኖ መክፈትም አደገኛ መሆኑ ታይቷል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ገባ፤ በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተነሣ፤ በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በእነዚህ ዓመታት ጎብኚ ሲጠፋ መጀመሪያ የተመታው ለጎብኚ ተብሎ የተሠራው ዕቃ ነው። ለአገሬው የሚሸጥ ጋቢ ግን መንገድ ሲዘጋም ቢሆን ለቅሶና ሠርግ ስለማይቀር ጥቂትም ቢሆን ገዥ አያጣም። የሱቁን ኪራይ የሚከፍለው የአገሬው ጋቢ ቢሆን፣ ለውጭ ገዥ የሚዘጋጀው ሻርፕና የጠረጴዛ ልብስ ትርፍ የሚጨምር ቢሆን ይሻላል።

ወደ ውጭ መላክ ለሚያስብ ሰው የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2001 ከጦር መሣሪያ በቀር የድሃ አገሮችን ምርት ሁሉ ከቀረጥ ነፃ ለማስገባት የፈቀደበት ሥርዓት ኢትዮጵያንም ይጨምራል። የአሜሪካው አጎዋ ግን እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ለኢትዮጵያ ተዘግቷል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ በውጭ ምንዛሪ የሚሸጥ ሰው በብር የሚያገኘው ከፍ ብሏል፤ ከውጭ የሚገባ ቀለምና ክር የሚጠቀም ግን በዚያው ልክ ወጪውም ጨምሯል። የዓለም ፍትሐዊ ንግድ ድርጅት ከአሥር መርሆዎቹ በአንዱ የእጅ ሥራ የሚያዝ ገዥ፣ አምራቹ ከጠየቀ፣ የዋጋውን ቢያንስ ግማሽ ያለ ወለድ አስቀድሞ እንዲከፍል ይጠይቃል። ይህን መርህ የተቀበለ ገዥ ማግኘት ከባንክ ብድር ይቀላል።

ሕጉን በተመለከተ ሁለት ነገር ማወቅ ይበጃል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 በጎ አድራጊ ድርጅት ገቢ በሚያስገኝ ሥራ እንዲሰማራ ይፈቅዳል፤ ትርፉን ለአባላት ማከፋፈል ግን አይቻልም። በግል የንግድ ፈቃድ ለሚሠራው ደግሞ የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ለበጎ አድራጎት የተሰጠ ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪ እንዲያዝ ደንግጓል። ስጦታው ለታወቀ ድርጅት ካልሆነና ደረሰኝ ከሌለው ለመንደር ችግረኛ በእጅ የተሰጠ ገንዘብ ጽድቅ ይሆን እንደሆነ እንጂ ወጪ አይሆንም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የወራቱ አለመገጣጠም ነው። ልጆች በየወሩ ይበላሉ፤ ጋቢ ግን በየወሩ አይሸጥም። በጥርና በየካቲት የገባውን ገንዘብ እንዳለ ለእርዳታ አውሎ ሐምሌ ላይ ባዶ እጁን የቀረ ሱቅ ለረጂዎቹም ለተረጂዎቹም ሸክም ነው። ፈታዮች በክረምት ቤት ውስጥ ሲውሉ ብዙ ፈትል ያወጣሉ፤ ሸማኔውም ለሠርጉ ወራት ማዘጋጀት የሚጀምረው ከዚያ ፈትል ነው። ስለዚህ ከደጉ ጊዜ ገቢ መጀመሪያ የሚነሣው የክረምቱ የፈትል መግዣ ነው፤ ፈትሉ በነሐሴ ካልተሰበሰበ የጥር ሠርገኛ ጋቢውን ከሌላ ሱቅ ይገዛል።