ፋብሪካ በወረቀት ላይ ሳለ

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ የወጣ ተጓዥ ዓለም ገና ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈልበታል። አንዱ በሰበታ አድርጎ ወደ ጅማ ይቀጥላል፤ ሌላው ወደ ቡታጅራና ሆሳዕና ይታጠፋል። መንታ መንገድ ላይ ያለ ቦታ ለነጋዴ ይመቻል፣ ለፋብሪካም ይመቻል። የመዲናዋ ገበያ ቅርብ ነው፤ መሬቱ ከከተማው መሬት ይረክሳል፤ ጉድጓድ ቢቆፈር ውኃ ይገኛል። ስለዚህ ከሜታ አቦ ቢራ እስከ አይካ አዲስ ጨርቃ ጨርቅ፣ ከምግብ እስከ ብረታ ብረት፣ ፋብሪካው ሁሉ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደረደረ። ቡራዩና ሱሉልታም በየአቅጣጫቸው በተመሳሳይ ሁኔታ አደጉ። በ2015 ዓ.ም. እነዚህ ከተሞች ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ ተብለዋል።

እነዚህን ከተሞች የሚያመሳስላቸው ሌላም ነገር አለ፤ ሁሉም የቆሙት በወንዝ አናት ላይ ነው። ሰበታና ዓለም ገና ከወጨጫ ተራራ ግርጌ ናቸው፤ ውኃቸው ወደ አዋሽ ይወርዳል። ቡራዩ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ከሚሰጠው ከገፈርሳ ግድብ ጎን ናት፤ ከእርሷ የሚወጣው ውኃ በትንሹ አቃቂ ወንዝ አድርጎ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባና እርሱም አዋሽን ይቀላቀላል። ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ ስለሆነች ጅረቶቿ ሙገርን ይዘው ወደ ዓባይ ይሄዳሉ። አዋሽ ቆቃን ሞልቶ፣ የወንጂንና የመተሐራን ሸንኮራ አጠጥቶ፣ አፋርን አቋርጦ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ባሕር አይደርስም። ስለዚህ ሰበታ ላይ ወንዝ ውስጥ የተደፋ ነገር ከአገር አይወጣም፤ ከደለሉ፣ ከአፈሩና ከጎመኑ ውስጥ ይቀራል። በአቃቂ ዳርቻ በወንዙ ውኃ በሚለሙት ቆስጣና ሰላጣ ላይ ተመራማሪዎች ክሮምን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶችን ማግኘታቸውም የዚህ ውጤት ነው።

ብክለትን ሁላችንም የምናውቀው ከወጣ በኋላ ነው፤ ቀለም ሆኖ ወንዙ ላይ፣ ሽታ ሆኖ መንደሩ ውስጥ ስናገኘው። የአንድ ፋብሪካ ፍሳሽ ብዛትና ክፋት ግን በአብዛኛው የሚወሰነው ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ፣ ቦታው ሲመረጥና ንድፉ ሲሳል ነው። አባቶቻችን ጎጆ ሲቀልሱ ማድ ቤቱን ከእልፍኙ ለይተው፣ ነፋስ ጭሱን በማያመጣበት በኩል ያቆሙት ነበር። ጭሱን በኋላ ለማባረር አልደከሙም፤ ቤቱን ሲያስቡ አብረው አስበውታል። ይህ ጽሑፍ የሚያስተዋውቀው ሙያ ያንኑ የሚያደርግ ነው፤ ብክለትን ከምንጩ መከላከል ይባላል።

ሙያውን ለመረዳት አንድ ጥሬ ቆዳ በፋብሪካ ውስጥ የሚያልፍበትን መንገድ መከተል ይበቃል። ከሱሉልታ እስከ ሞጆ ባሉት ቆዳ ፋብሪካዎች ሥራው በመሠረቱ አንድ ነው። ቆዳው እንዳይበሰብስ በጨው ታሽቶ ይመጣል። ጨውና ደም እንዲለቅ ይዘፈዘፋል፤ ጠጉሩ እንዲወልቅ በኖራና በሰልፋይድ ይታሻል፤ ከዚያ በአሲድ ይዘጋጅና በክሮም ይለፋል። በተለመደው አሠራር አንድ ቶን ጥሬ ቆዳ ከ30 እስከ 40 ሜትር ኩብ ውኃ ሊፈጅ ይችላል። ያለቀለት ቆዳ ሆኖ የሚወጣው ከዚያ ቶን ሩብ ያህሉ ነው፤ የቀረው ጠጉር፣ ሥጋ፣ ስብና ቁርጥራጭ ሆኖ ይወገዳል። ከሚጨመረው ክሮምም ቆዳው የሚይዘው ከ60 እስከ 70 በመቶውን ብቻ ነው። የቀረው ከውኃው ጋር ይፈሳል።

አሁን ሁለት ፋብሪካ እናስብ። በመጀመሪያው ሁሉም ፍሳሽ በአንድ ቦይ ገብቶ ከግቢው ጫፍ ካለ ገንዳ ይጠራቀማል። የሰልፋይዱ ውኃ ከአሲዱ ውኃ ጋር እዚያ ይገናኛል፤ በዚህም ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባለው፣ እንደተበላሸ እንቁላል የሚሸትና ሲበዛ ሰው የሚገድል ጋዝ ይፈጠራል። ክሮሙም ከጠጉሩና ከስቡ ጋር ስለሚቀላቀል ዝቃጩ በሙሉ መርዝ ይሆናል፤ ለማዳበሪያ አይውልም፣ የሚጣልበትም ቦታ ይጠፋል። በሁለተኛው ፋብሪካ መሐንዲሱ ገና ወለሉ ሳይለሰን ሦስት ቦይ ለይቷል፦ ለሰልፋይዱ፣ ለክሮሙ፣ ለሌላው። ቆዳው ከመዘፍዘፉ በፊት ጨው የሚያራግፍ ከበሮ አስቀምጧል፤ ጨው አንዴ ውኃ ውስጥ ከሟሟ ፍሳሹን የሚያጸዱት ተሕዋስያን ሊበሉት አይችሉምና። ጠጉሩ ሳይሟሟ እንዲወጣ የሚያደርግ ዘዴ መርጧል። በክሮሙ ቦይ የሚመጣውን ውኃ ለብቻው አስቀምጦ አልካሊ ይጨምርበታል፤ ክሮሙ ይዘቅጣል፤ ዝቃጩን በሰልፈሪክ አሲድ መልሶ ያሟሟና ዳግም ለማልፋት ይጠቀምበታል።

ሁለቱ ፋብሪካዎች የሚያመርቱት ቆዳ አንድ ነው፤ የገዙት ማሽንም ብዙ ላይለያይ ይችላል። ዋናው ልዩነታቸው ሦስት ቦይ ነው። የመጀመሪያው ባለቤት ከ10 ዓመት በኋላ ሊያስተካክለው ቢነሳ ወለሉን ሊሰብር፣ ምርት ሊያቆም ነው። በወረቀት ላይ በእርሳስ ይስተካከል የነበረ ነገር በሲሚንቶ ከተሠራ በኋላ ውድ ይሆናል። በእኔ እምነት የአገራችን የፋብሪካ ብክለት ዋናው ችግር ይኸው ነው፤ ስለ ፍሳሽ የምናስበው ግንባታው ካለቀና ጎረቤት መጮህ ከጀመረ በኋላ ነው።

የጨርቃ ጨርቁ ነገርም ከዚህ አይርቅም። ማቅለሚያው ሙሉ በሙሉ ከክሩ ጋር አይጣበቅም፤ የተረፈው ከጨው ጋር ይታጠባል። ከነጣ ቀለም ወደ ጠቆረ በቅደም ተከተል ማቅለም በመካከል የሚፈጀውን እጥበት ይቀንሳል፤ የመጨረሻው እጥበት ውኃ ብዙም ስላልቆሸሸ ለቀጣዩ ዙር መጀመሪያ ይሆናል። ቢራ ፋብሪካ ደግሞ ከሁሉ የተሻለ ዕድል አለው። ፍሳሹ እህል ነክ ስለሆነ አየር በሌለበት ገንዳ ተብላልቶ ባዮጋዝ ይወጣዋል፤ የብቅሉ አተላም የወተት ላም ይቀልባል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ወተት አምራቾች ይህን አተላ ለረጅም ጊዜ ሲገዙት ኖረዋል። ዴንማርክ ውስጥ ካሉንድቦርግ የምትባል ትንሽ ከተማ በዓለም የታወቀችው በዚሁ ዓይነት ንግድ ነው። እዚያ ከ1970ዎቹ ጀምሮ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የኃይል ማመንጫው ትርፍ እንፋሎት ለነዳጅ ማጣሪያው፣ የማጣሪያው ትርፍ ጋዝ ለግድግዳ ሰሌዳ ፋብሪካው ሆኗል። ይህ የሆነው ፋብሪካዎቹ ጎረቤታሞች ስለሆኑና እርስ በርስ ስለተነጋገሩ ነው።

ዓለም ገናና ሰበታ የጎደላቸው ይህ ነው። ጎረቤታምነቱ አለ፤ የጋራ ዕቅዱ የለም። እያንዳንዱ ፋብሪካ መሬቱን ለብቻው ተረከበ፣ ጉድጓዱን ለብቻው ቆፈረ፣ ቱቦውን ለብቻው ወደ ቅርቡ ጅረት ዘረጋ። አነስተኛው ፋብሪካ ማጣሪያ ጣቢያ ለማቆምና ኬሚስት ለመቅጠር አቅሙ አይፈቅድለትም። የአካባቢው አለት በእሳተ ገሞራ የተፈጠረና የተሰነጣጠቀ ስለሆነ ደግሞ መሬት ላይ የፈሰሰው ፋብሪካውና ነዋሪው ወደሚጠጡት የከርሰ ምድር ውኃ ለመስረግ አይቸገርም።

ሌላ መንገድ መኖሩን አገራችን ራሷ አሳይታለች። በሐምሌ 2008 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተሠራው መውጫ ወንዝ የሌለው ሐይቅ ባለባት ከተማ ነው። የተበከለ ውኃ ሐይቁ ከገባ አይወጣም። ስለዚህ ከመነሻው አንድ ሕግ ተደረገ፤ ከፓርኩ የፋብሪካ ፍሳሽ አይወጣም። የሕንዱ አርቪንድ ኢንቪሶል ኩባንያ በቀን 11,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ማከም እንዲችል አድርጎ አንድ የጋራ ጣቢያ ገነባ። የየፋብሪካው ፍሳሽ በቱቦ ይሰበሰባል፤ ተሕዋስያን ይበሉታል፤ በቀጫጭን ገለፈት ይጣራል፤ ጨዋማው ቅሪት እንዲተን ተደርጎ ደረቅ ጨው ይቀራል፤ የጠራው ውኃ ወደ ፋብሪካዎቹ ይመለሳል። ጣቢያው ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ገለፈቱ በየጊዜው መቀየር አለበት፣ ወጪው ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን ወጪው ለብዙዎች ስለሚከፋፈልና ባለሙያው አንድ ቦታ ስለሚሰበሰብ ተችሏል። ሞጆ ላይ ቆዳ ፋብሪካዎችን በአንድ የጋራ ማጣሪያ ዙሪያ ለመሰብሰብ የታቀደውም በዚሁ ሐሳብ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? ከምንገምተው በላይ ብዙ ይላል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ጥናት የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ሳይገመገምና ሳይፈቀድለት ሥራ እንዳይጀምር፣ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤትም ይህን ሳያረጋግጥ ፈቃድ እንዳይሰጥ ደነገገ። ጥናቱ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት አዘዘ። ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ድንጋጌም አለው፤ ለግምገማ የሚቀርበው ፋብሪካው ብቻ ሳይሆን የመንግሥት ፖሊሲና ስትራቴጂም ጭምር ነው። የከተማ መሪ ዕቅድም በዚሁ መንፈስ ሊታይ ይገባል። የትኛው ሜዳ ለኢንዱስትሪ፣ የትኛው ለመኖሪያ፣ ወንዙ ዳር ምን ያህል ስፋት ባዶ ይተው የሚለው ውሳኔ የሚመዘነው እዚያ ነው።

አብሮት የወጣው የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የበከለ እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል። በ2001 የወጣው ደንብ ቁጥር 159 ደግሞ ፋብሪካዎች የሚለቁትን በካይ ነገር ከተፈቀደው መጠን በታች እንዲያደርጉ፣ መዝገብ እንዲይዙና ሪፖርት እንዲያቀርቡ አዘዘ፤ ቀድመው ለነበሩት የአምስት ዓመት ጊዜ ሰጠ። ያ ጊዜ በ2006 አብቅቷል። ከዚያ ወዲህ እንኳ በአቃቂ ዳር ያለፈ ሰው የአምስቱ ዓመት ጊዜ ያበቃ አይመስለውም።

ሕጉ ያልሠራው ለምን እንደሆነ አንድ ቃል ልበል። ጥናቱ በብዙ ቦታ የሚሠራው ቦታው ከተመረጠ፣ መሬቱ ከታጠረ፣ ማሽኑ ከታዘዘ በኋላ ነው። ያኔ ጥናቱ ንድፉን የመቀየር ጉልበት የለውም፤ ፋይል ማሟያ ይሆናል። የሚገነባው ማጣሪያም ለፈቃዱ ሲባል ይሠራና የኤሌክትሪኩና የኬሚካሉ ሒሳብ ሲመጣ ይዘጋል፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ይከፈታል። ከምንጩ የቀነሰ ፋብሪካ ግን የሚያጣራው ትንሽ ስለሆነ ለመዝጋት የሚገፋፋው ነገርም ትንሽ ነው። ክሮሙን መልሶ የሚጠቀም ቆዳ ፋብሪካ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛው ክሮም ይቀንስለታል፤ ይህ ሥርዓት ቢቆም የሚከስረው ራሱ ነው። ሥራው እንዲቀጥል ዘብ የማያስፈልገው ንድፍ ይህ ነው።

ሥራ ይዘጋል የሚለውን ስጋት አቅልዬ አላየውም። ሰበታና ዓለም ገና ላይ በፋብሪካ ደመወዝ የሚተዳደር ብዙ ቤተሰብ አለ። ነባሩን ፋብሪካ በአንድ ጀንበር መዝጋት እንጀራ መዝጋት ነው። ለነባሮቹ የጋራ ማጣሪያና ብድር፣ ቦይ ለመለየት የሚያስችል ጊዜ ይሰጣቸው። አዲስ ለሚመጣው ግን ምንም ምክንያት የለም፤ መሬት ከመረከቡ በፊት ፍሳሹ ወዴት እንደሚሄድ በንድፉ ላይ ያሳይ። ሸገር ከተማም አዲስ እንደመሆኗ ይህን በዕቅዷ መጀመሪያ ላይ ልታሰፍር የምትችል ናት።

በእነዚህ ከተሞች ለምትኖሩ አንባቢዎች አንድ ነገር አሳስባለሁ። በሰፈራችሁ ፋብሪካ ሊተከል ሲታሰብ የተፅዕኖ ጥናቱን ጠይቁ፤ የፍሳሹ ቦይ የት እንደሚያልፍ፣ ስንት እንደሆነ፣ መጨረሻው የት እንደሆነ ተመልከቱ፤ አስተያየታችሁንም በጽሑፍ አስገቡ። አዋጅ ቁጥር 300 በግል ተጎዳሁ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው ማንኛውም ሰው ስለ ብክለት ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ፈቅዷል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው አቤት ባዩን ካላረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ማቅረብ ይቻላል።