መስመሩ የማን ነው?

ከራያዋ ጎብዬ የሚነሳ ወጣት ቅርጫት ኳስን መጀመሪያ የሚያየው በእግር ኳስ ዓይን ነው። ግራ መጋባቱም ከዚያው ይጀምራል። በእግር ኳስ ኳሷ በምድርም ሆነ በአየር መስመሩን ሙሉ በሙሉ እስክታልፍ ድረስ ጨዋታው ይቀጥላል፤ የተጫዋቹ እግር የት እንደቆመ የሚጠይቅ የለም። በመረብ ኳስም መስመር የነካች ኳስ የውስጥ ናት። ቅርጫት ኳስ ከሁለቱም የተለየ ሕግ አለው፦ መስመሩ ራሱ ውጪ ነው።

ሜዳው 28 ሜትር በ15 ሜትር ነው፤ የሚለካውም ከመስመሩ ውስጠኛ ጠርዝ ነው። መስመሩ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ አንዷም ሳንቲ ሜትር ለተጫዋቹ አትቆጠርለትም። የራያ ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር ወሰን ሲጋራ ድንበሩ የሁለቱም ነው፤ እዚህ ግን ድንበሩ ሙሉ በሙሉ የጎረቤት ነው። ጫማ ጫፉን ከነካው ተጫዋቹ ወጥቷል።

ቀጥሎ ያለው ነጥብ ብዙ ተመልካች የሚሳሳትበት ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ተጫዋች ወጣ የሚባለው አካሉ መስመሩን ወይም ከመስመሩ ውጪ ያለውን መሬት ሲነካ ነው፤ እዚያ ያለ ወንበር ወይም ምሰሶ ቢነካም ያው ነው። ሌላ ተጫዋች መንካት ግን አያስወጣም። አየር ላይ ያለ ተጫዋች ደግሞ የሚዳኘው መጨረሻ በረገጠው ቦታ ነው። ኳሷ ወደ ጎን መስመር ስትበር አንዱ ከውስጥ ይዘላል፣ ከመስመሩ ባሻገር አየር ላይ ይይዛታል፣ ሳያርፍም ወደ ጓደኛው ይመልሳታል እንበል። ተመልካቹ «አውት!» ይላል፤ ዳኛው ግን ፊሽካውን አይነፋም፣ ልክም ነው። ያው ተጫዋች ኳሷን ሳይለቅ ውጪ ቢያርፍ ግን ወጥቷል። የተገላቢጦሹም አለ፤ ውጪ ከቆመበት ዘሎ ከሜዳው በላይ ያለችን ኳስ የነካ ሰው መሬት ሳይረግጥም ወጥቷል። ለመመለስ አንድ እግሩን ውስጥ ማሳረፍ ይበቃዋል፣ የሌላኛው እግሩ ተረከዝ ግን መስመሩ ላይ መቅረት የለበትም፤ አየር ላይ ካለ ችግር የለም።

ኳሷ ስትወጣ የሚጠየቀው «መጨረሻ ማን ነካት?» ነው። ተከላካይ ኳሷን መትቶ ከአጥቂው ጉልበት ተነክታ ከወጣች፣ ያስወጣት አጥቂው ነው፤ ኳሷ ለተከላካዩ ቡድን ትሰጣለች። መስመር ረግጦ የቆመ ተጫዋች ኳስ ቢያርፍበት ደግሞ፣ የወረወረው ሌላ ሰው ቢሆንም፣ ያስወጣት የነካው ነው።

ሕጉ መጀመሪያ እንዲህ አልነበረም። ጄምስ ናይስሚዝ ጨዋታውን በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ የፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1891 መጨረሻ ነው። በ13ቱ ሕጎቹ መሠረት የወጣች ኳስ ወደ ሜዳ ተወርውራ መጀመሪያ ለነካት ሰው ትሆን ነበር፤ ወርዋሪውም 5 ሰከንድ ብቻ ይሰጠው ነበር። ኳስ በወጣች ቁጥር ሁሉም ወደ እርሷ መሮጡ አልቀረም። የዛሬው «የነካ ይቀጣ» ሕግ ያንን ትርምስ አስቀረ፣ ነገር ግን ሸክሙን ወደ ዳኛው ዓይን አዞረው። አምስቱ ሰከንዶች ዛሬም አሉ።

ዳኛው ይህን ሁሉ እንዴት ያያል? በሁለት ዳኞች ሲዳኝ አንዱ የመጨረሻውን መስመርና አንዱን የጎን መስመር፣ ሌላው ሁለተኛውን የጎን መስመር ይከታተላል። ዋናው ጥበብ አቋቋም ነው። ከመስመሩ ጎን ሆኖ በሰያፍ የሚያይ ሰው በተጫዋቹ ጫማና በመስመሩ መካከል ያለውን ቀጭን ክፍተት ያጣዋል፤ በመስመሩ ርዝመት የሚያይ ግን ይለየዋል። በየሰፈሩ ጨዋታ ተመልካች መስመሩ ድረስ ተጠግቶ ሲቆም የሚጎዳው መጀመሪያ ይህ እይታ ነው። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፊባ በሜዳው ዙሪያ 2 ሜትር ነጻ ቦታ የሚጠይቀው ለተጫዋች ደኅንነት ቢሆንም፣ ለዳኛም ትልቅ እፎይታ ነው።

ከባዱ ቦታ ጥጉ ነው። በፊባ ሜዳ ከሦስት ነጥብ መስመር እስከ ጎን መስመር ያለው ክፍተት 90 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ረጅም ተጫዋች ሁለት ትልልቅ ጫማዎቹን እዚያ ሲያስገባ፣ ዳኛው ተረከዙ ወጥቶ እንደሆነና ጣቱ ሦስት ነጥብ መስመር ረግጦ እንደሆነ በአንድ ቅጽበት ማየት አለበት።

ውሳኔው ሲሰጥ ፊሽካ ይነፋል፣ የተከፈተ እጅ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሰዓቱም ይቆማል፤ ከዚያ አቅጣጫው በእጅ ይጠቆማል። እጁ ቡጢ ከሆነ ምልክቱ የፋውል ነው። ዳኞቹ ማን እንዳስወጣት ቢጠራጠሩ ወይም ባይስማሙ ሁለት አውራ ጣቶች ይነሳሉ፤ ኳሷም ተራው የየትኛው ቡድን እንደሆነ በሚያሳየው ቀስት መሠረት ትሰጣለች። ይህን ፍትሐዊ ብዬ አምናለሁ፤ ያላየውን እንዳየ አድርጎ ከሚወስን ዳኛ ይሻላል። የቪዲዮ መመልከቻ ባለባቸው ውድድሮች በአራተኛው ሩብ የመጨረሻ 2 ደቂቃዎች ዳኞች ማን እንዳስወጣት ተመልሰው ማየት ይችላሉ።

ጎብዬ ላይ በኖራ ሜዳ የሚያሰምር ተማሪ ወይም መምህር አንድ ነገር ይያዝ። መጀመሪያ 28ቱንና 15ቱን ሜትር ለክቶ ገመድ ይወጥር፣ ከዚያ ኖራውን ከገመዱ በስተውጭ ያፍስስ። ገመዱን መሐል አድርጎ ካሰመረ በእያንዳንዱ ወገን ከሜዳው ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ይጎድላል።