የማይታይ የመስማት ጉድለት በመማሪያ ክፍል ውስጥ

በትምህርት ቤት «አያዳምጥም»፣ «ልቡ ሌላ ቦታ ነው» ከሚባሉት ሕፃናት መካከል አንዳንዶቹ በከፊል መስማት የተሳናቸው ናቸው። ፈጽሞ የማይሰማ ልጅ ብዙውን ጊዜ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት በቤተሰቡ ይታወቃል። ከፊል ጉድለት ያለበት ግን ይናገራል፤ ሲጠሩትም ዞር ይላል። ስለሆነም ችግሩ እንደ ጠባይ ይቆጠርበታል።

መምህራንን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስታቸው ልጁ አንድ ጊዜ መስማቱ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ አለመስማቱ ነው። «ሲፈልግ ይሰማል» የሚለው ፍርድ የሚመነጨው ከዚህ ሲሆን ፍርዱ ትክክል አይደለም። ድምፅ ባልተከለለ ቦታ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር በ6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ሲናገር ደግሞ የከንፈሩ እንቅስቃሴ ይሰወራል። በክረምት ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲደበድብ ጤናማ ጆሮ እንኳ ይቸገራል። መካከለኛ ጆሮው በየጊዜው የሚያመረቅዝ ልጅም ጉንፋን በያዘው ሳምንት የመስማት ችሎታው ከሌላው ጊዜ ሊያንስ ይችላል።

ጉድለቱ ቀጫጭን ድምፆችን የሚያደበዝዝ ዓይነት ከሆነ አናባቢዎቹ ይሰማሉ፤ እንደ «ሰ»፣ «ሸ» እና «ፈ» ያሉት ተነባቢዎች ግን ይጠፋሉ ወይም ይደበላለቃሉ። ይህም በአማርኛ ቀላል ነገር አይደለም። «ነጋዴው 20 ብርቱካን ሸጠ» የተባለውን «ሰጠ» ብሎ የሰማ ተማሪ ስሌቱን ቢያውቅም እንኳ ጥያቄው ሌላ ሆኖበታል። «መጣህ» እና «መጣሽ» የሚለዩትም በመጨረሻው ድምፅ ብቻ ነው። ከንፈር መመልከት የሚረዳው በከፊል ነው፤ «በራ» እና «መራ» በከንፈር ላይ አንድ ዓይነት መልክ አላቸውና።

በኅብረት ማንበብና በኅብረት መመለስ ጉድለቱን ይሸፍነዋል። ልጁ ጎረቤቱን እያየ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። «ገባህ?» ሲባልም «አዎን» ይላል፤ ታላቅን ደጋግሞ «አቤት?» ማለት ነውር ሆኖ ይታየዋልና። መምህሩ በዚህ ፈንታ የሰጠውን ትእዛዝ ልጁ በራሱ ቃል እንዲደግም ቢያደርገው ያልተሰማው ክፍል ወዲያው ይታወቃል። ፊተኛው ወንበር ላይ ማስቀመጥ የተለመደ መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን ከኋላው የሚናገሩትን ጓደኞቹን ፊት ያሳጣዋል። ደኅናው ጆሮ የትኛው እንደሆነ ታውቆ፣ በጎን በኩል ሆኖ መምህሩንም ክፍሉንም ለማየት የሚያስችለው ቦታ ይሻለዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘገባ እንደተመለከተው፣ በሕፃናት ላይ ከሚደርሰው የመስማት ጉድለት 60 በመቶ የሚጠጋው መከላከል ከሚቻል ምክንያት የሚመጣ ነው። የጆሮ መመርቀዝ፣ ኩፍኝና ማጅራት ገትር ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። ስለዚህ ከጆሮው መግል የሚወጣውን ልጅ በጊዜው ወደ ጤና ጣቢያ መምራት ከመምህሩ ይጠበቃል። የዕቅድ አውጪዎች ድርሻ በምዝገባ ጊዜ የጆሮ ምርመራ እንዲደረግ ማመቻቸትና አዲስ የመማሪያ ክፍል ሲሠራ የኮርኒሱን ወጪ ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ ማስገባት ነው። ኮርኒስ በብዙ ቦታ እንደ ጌጥ እየታየ ከበጀቱ ቀድሞ የሚሰረዘው እርሱ ነው።