ፊትን ያቀላል የተባለው ቅባት በውስጡ ምን ይዟል?

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም የሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ማዕከል ሆኖ ተመሠረተ። ዛሬም ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የቆዳ ሕሙማን ሪፈር እየተጻፈላቸው ይመጡበታል። ይሁንና ማድያት፣ ብጉር ወይም ጭርት ሲወጣ ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚሄደው ወደ ሐኪም ሳይሆን ወደ ሱቅ ነው። ከሱቅ የሚገዛ ቅባት ይጥቀም ወይም ይጉዳ የሚታወቀው ደግሞ በስሙ ወይም በዋጋው ሳይሆን በያዘው ንጥረ ነገር ነው።

ቆዳን ያቀላሉ በሚባሉ ቅባቶች ውስጥ ሦስት ንጥረ ነገሮች ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። የመጀመሪያው ሜርኩሪ ነው። ቆዳን አልፎ ወደ ደም በመግባት ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፤ በእጅና በፎጣ ንክኪም ወደ ሕፃናት ይተላለፋል። የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት ሜርኩሪ የተጨመረባቸው መዋቢያዎች እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ድረስ መመረታቸው እንዲቆም ወስኗል። በማሸጊያው ላይ ካሎሜል የሚል ስም ወይም ቅባቱ ወርቅና ብር እንዳይነካ የሚያሳስብ ጽሑፍ ካለ፣ ሜርኩሪ ስለመኖሩ ምልክት ነው።

ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው። ሐኪም መጠኑንና ጊዜውን ወስኖ ለማድያት ሊያዝዘው ይችላል። ያለ ክትትል ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ግን ሊያጠፋው የታሰበውን ጥቁረት አብሶ፣ በቀላሉ የማይለቅ ሰማያዊ ጥቁር ጠባሳ ሊያስከትል ይችላል።

ሦስተኛው ስቴሮይድ ሲሆን ቤታሜታዞንና ክሎቤታዞል ከዚሁ ወገን ናቸው። ማሳከክንና መቅላትን በጥቂት ቀናት ስለሚያስታግስ ፍቱን ይመስላል። ሲዘወተር ግን ቆዳን ያሳሳል፣ ብጉር ያወጣል፤ ሲቋረጥም ፊቱ ይቀላል፣ ያቃጥላል። ጭርት ላይ ሲቀባ የበሽታውን መልክ ይለውጣል፤ ጭርቱ ግን ውስጥ ውስጡን መስፋፋቱን አይተውም። ከሁሉ በላይ የሚያሰጋው፣ ነጣ ብሎ የሚደነዝዝ የቆዳ ምልክት የሥጋ ደዌ መነሻ ሊሆን መቻሉ ነው። በጊዜ ከታከመ ፈጽሞ የሚድን በሽታ ሆኖ ሳለ፣ ምልክቱን በቅባት ሲሸፍኑ የሚያልፉት ወራት ለነርቭ ጉዳትና ለአካል ጉዳት ይዳርጋሉ።

በአንጻሩ ጥቅማቸው የተረጋገጠ ንጥረ ነገሮች ብዙውን ጊዜ ርካሽ ናቸው። ቫዝሊን የቆዳ እርጥበት እንዳይተን ይከላከላል፤ ግሊሰሪን ደግሞ እርጥበትን ይስባል። ተረከዙ የተሰነጠቀ አርሶ አደር ማታ እግሩን በሳሙና ታጥቦ፣ ገና ርጥብ እንዳለ ቫዝሊን ቢቀባ ይጠቀማል። ዚንክ ኦክሳይድና ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የፀሐይን ጨረር ይከላከላሉ። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የጨረሩ ኃይል 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ በደጋ ለሚያርሱ ሰዎች ሰፊ ባርኔጣና ረጅም እጅጌም መከላከያ ነው። ማድያትም ፊት ከፀሐይ ካልተጠበቀ በቅባት ብቻ አይለቅም።

ሸማቹ ቅባት ከመግዛቱ በፊት የማሸጊያውን ጽሑፍ ማንበብ ይኖርበታል። ንጥረ ነገሮቹ የሚዘረዘሩት በአብዛኛው ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነው። ዝርዝር፣ የአምራች ስምና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን የሌለውን፣ እንዲሁም በሱቅ ተቀይጦ በብልቃጥ የሚሸጠውን አለመግዛት ይመረጣል። አዲስ ቅባትም ፊት ከመነካቱ በፊት በክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ በጥቂቱ ለተወሰኑ ቀናት ይሞከራል።

አጠራጣሪ ምርት ያገኘ ሰው ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ የስልክ መስመር 8482 መጠቆም ይችላል። ስቴሮይድ ያለበትን ቅባት ለወራት ሲቀባ የቆየ ሰው ደግሞ በራሱ ውሳኔ በአንድ ጊዜ ከማቆም ይልቅ፣ የቅባቱን ማሸጊያ ይዞ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ቢሄድ ይመከራል። ባለሙያው ምን ሲቀባ እንደቆየ ካወቀ፣ ቅባቱን ደረጃ በደረጃ እንዲተው ይረዳዋል።