ናፍጣ ወይስ ኤሌክትሪክ? የቦቴው መንገድና የገበሬው ሒሳብ

በአባያና በጫሞ ሐይቆች አካባቢ የሚለማው ሙዝ ከተቆረጠ በኋላ ጊዜ አይሰጥም። ከላንቴ፣ ከቆላ ሻራና ከጫኖ ሚሌ ማሳዎች ተሰብስቦ በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል። ናፍጣ በጠፋ ጊዜ መኪናው ከማደያው ደጅ ተሰልፎ ይውላል። ሙዙም በማሳው ዳር ይበስላል፤ ነጋዴው ዋጋ ይቀንሳል፤ ኪሳራው የሚያርፈው ግን በአምራቹ ላይ ነው። በናፍጣ የሚሠራው የመስኖ ፓምፕም እንዲሁ ሥራውን ያቆማል። ስለዚህ የነዳጅ ቦቴ ጉዳይ የሹፌሩና የነዳጅ ኩባንያው ብቻ ሳይሆን የጋሞ ዞን ገበሬም ጉዳይ ነው።

ከአሁን በፊት የነበረው ሁኔታ እንደሚያሳየው፣ በግንቦት 1990 ዓ.ም ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተቀስቅሶ አሰብ ለኢትዮጵያ ጭነት ከተዘጋ ወዲህ ነዳጁ በዋነኛነት የሚገባው በጅቡቲ በኩል ነው። ቦቴው ከጅቡቲ ተነሥቶ በአዋሽ፣ በሞጆ፣ በሻሸመኔና በወላይታ ሶዶ በኩል አርባ ምንጭ እስኪደርስ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ተሳቢ ያለው አንድ ቦቴ በአንድ ጉዞ ከ40 ሺህ ሊትር በላይ ይጭናል፤ በደርሶ መልስ ጉዞው ደግሞ እሱ ራሱ 1,000 ሊትር ያህል ናፍጣ ያቃጥላል። ይኸውም ከሚያመጣው 40 ሊትር አንዱን ለመንገዱ ይበላል ማለት ነው። ከዚህ በላይ የሚከብደው ግን የውጭ ምንዛሪው፣ የመንገዱ ርዝመትና መኪናው በየምክንያቱ የሚቆምበት ቀን ነው።

እንግዲህ ቦቴው ራሱ በኤሌክትሪክ ቢነዳ ችግሩ ይቃለላል ወይ የሚለው ጥያቄ ይነሣል። የመልሱ መነሻ የሁለቱ ኃይሎች ጠባይ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይዟል። የናፍጣ ሞተር ከዚህ ውስጥ ወደ ጎማው የሚያደርሰው ቢበዛ አራቱን ያህል ሲሆን የቀረው በሙቀትና በጭስ ይጠፋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከባትሪው ከሚወስደው አሥር እጅ ስምንቱን ወይም ዘጠኙን ለሥራ ያውላል። በዚህ በኩል ኤሌክትሪክ ይበልጣል።

ይሁን እንጂ ርቀቱ ሲጨምር ሒሳቡ ይለወጣል። 40 ቶን ያህል የሚመዝን ጭነት ያለው መኪና በአንድ ኪሎ ሜትር ከ1.2 እስከ 1.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል። ከጅቡቲ እስከ አርባ ምንጭ ለመጓዝ ከ1,400 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ያስፈልገዋል ማለት ነው። በአሁኑ ጊዜ የሚሠሩ ብዙዎቹ ከባድ የኤሌክትሪክ መኪናዎች የሚይዙት ባትሪ ግን ከ300 እስከ 600 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ስለዚህ በየበረሃው መሐል ቢያንስ ሁለት ሦስት ጊዜ ቆሞ መሙላት ግድ ይሆንበታል። ትልቁ ባትሪ ከ3 ቶን በላይ ስለሚመዝንም፣ የናፍጣ ሞተሩ በመውጣቱ ከሚቃለለው ክብደት የተረፈው ሁሉ ከጭነቱ ይቀነሳል። በመሆኑም በረጅሙ መንገድ ላይ የናፍጣው ቦቴ ለጊዜው የሚተካ አይደለም። ለዚህ መንገድ ይበልጥ የሚቀርበው የኤሌክትሪክ መፍትሔ በ2009 ዓ.ም የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር ሐዲድ ነው። ባቡሩ ኃይሉን በላዩ ከተዘረጋው ሽቦ ስለሚያገኝ ከባድ ባትሪ መሸከም አያስፈልገውም።

በአጭር መንገድ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በቻይና ከባድ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በመጀመሪያ የተስፋፉት በወደቦች፣ በማዕድን ማውጫዎችና በብረት ፋብሪካዎች፣ ማለትም መኪናው በየቀኑ አንዱን አጭር መንገድ እየተመላለሰ ማታ ወደ መነሻው በሚመለስበት ሥራ ነው። በጋሞ ዞንም ይህን የመሰለ ሥራ አለ። በበጋ ውሃ ለሚያጥራቸው የቆላ ቀበሌዎች ውሃ የሚያመላልስ ቦቴ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ውሃ መቅጃው 30 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ደርሶ መልሱ 60 ኪሎ ሜትር ነው። መካከለኛ የናፍጣ መኪና ለዚህ ከ15 እስከ 18 ሊትር ሲጠጣ፣ የኤሌክትሪኩ ከ50 እስከ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበቃዋል። ባትሪውም ማታ ቆሞ ይሞላል።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚሻው የጨንቻ መንገድ ነው። ጨንቻ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ አርባ ምንጭ በ1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የደጋው ድንችና ፖም ተጭኖ ቁልቁል ሲወርድ የናፍጣው መኪና ፍሬኑን እያጋለ ይሄዳል። ያ ሙቀት የባከነ ኃይል ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ እንደ ዲናሞ ስለሚሠራ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ባዶውን 6 ቶን የሚመዝን መኪና 5 ቶን ድንች ጭኖ ቢወርድ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሊመልስ ይችላል። ባዶውን ሲወጣ 35 ያህል ቢፈጅ፣ የደርሶ መልሱ የተጣራ ወጪ ወደ 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወርዳል። ይህን ሥራ የሚሠራ የናፍጣ መኪና 9 ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ያቃጥላል። በስዊዘርላንድ አገር ፔሪ በተባለች መንደር አጠገብ በሚገኝ የሲሚንቶ ፋብሪካ የድንጋይ ካባ ውስጥ፣ ከ60 ቶን በላይ ድንጋይ ጭኖ ቁልቁል የሚወርድ የኤሌክትሪክ መኪና በዚሁ ዘዴ ይሠራል። ጨንቻም ጭነቱ ወደ ታች፣ ባዶው ወደ ላይ የሆነበት መንገድ ስላላት ተፈጥሮ የሰጠቻት ጥቅም አላት። ከባዱ ጭነት ሽቅብ የሚወጣ ከሆነ ግን ይህ ጥቅም በእጅጉ ይቀንሳል።

በኃይል ምንጭ በኩል አካባቢው ከጅቡቲ ይልቅ ለኤሌክትሪክ ይቀርባል። 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግልገል ጊቤ 3 ግድብ በ2009 ዓ.ም የተመረቀው በጎረቤት በወላይታና በዳውሮ መካከል፣ በኦሞ ወንዝ ላይ ነው። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል። መንግሥትም በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር 2016 ዓ.ም አስታውቋል። ሆኖም በግድቡ ያለው ኃይል ለቀበሌው የሚጠቅመው መስመሩና ትራንስፎርመሩ ሲያደርሱት ነው። መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ቦታ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ማኅበር ከማደያ ሰልፍ ወጥቶ በጨለማ ይቀመጣል።

በመሆኑም የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎች መኪና ለመግዛት ከመወሰናቸው በፊት አባላቱን ሰብስበው ሊመረምሯቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ። መጀመሪያ፣ መኪናው በቀን የሚጓዘው ርቀት ተለክቶ ማታ ወደ ማኅበሩ ግቢ መመለሱ ይረጋገጥ። ሁለተኛ፣ የቀበሌው ትራንስፎርመር ስንት ኪሎ ዋት እንደሚችልና ከወፍጮ ቤቱ ጋር ምን ያህል እንደሚጋራ ከመብራት ኃይል ባለሙያ ይጠየቅ። ወፍጮው በሚያርፍበት ሌሊት ባትሪውን መሙላት መስመሩን አያጨናንቅም። ሦስተኛ፣ የመብራት መጥፋት ለሦስት ወር ያህል በመዝገብ ይያዝ። አራተኛ፣ የባትሪው ዋስትና ዘመን፣ የመለዋወጫውና የጥገና ባለሙያው መገኛ በውል ውስጥ ይጻፍ። ሙቀት የባትሪን ዕድሜ ስለሚያሳጥር በቆላው መኪናው በጥላ ሥር መቆም ይኖርበታል። በመጨረሻም የመግዣው ዋጋ ብቻ ሳይታይ፣ በዕለቱ የናፍጣና የመብራት ዋጋ ተሰልቶ የአምስት ዓመቱ ወጪ ይነጻጸር።

መኪና ለመግዛት አቅም የሌለው ማኅበርም የሚሠራው አያጣም። መስመር በደረሰበት ቀበሌ የናፍጣውን የመስኖ ፓምፕ በኤሌክትሪክ ፓምፕ መተካት ከመኪናው ያነሰ ገንዘብ የሚጠይቅ እርምጃ ነው። በማሳው ላይ የቀረ እያንዳንዱ ሊትር ናፍጣ ከጅቡቲ መምጣት የማያስፈልገው ሊትር ነው።

ለረጅሙ መንገድ የናፍጣው ቦቴ ገና ያገለግላል። ለአጭሩ መንገድ፣ ለቁልቁለቱና ለፓምፑ ግን ምርጫው በማኅበሩ እጅ ላይ ይገኛል። ምርጫው በወሬ ወይም በሻጭ አንደበት ሳይሆን በመንገዱ ልክ፣ በጭነቱ ክብደትና በመስመሩ ጥንካሬ ሊወሰን ይገባል። መጥኖ መደቆስ የሚያዋጣው ድስቱ ከመጣዱ በፊት ነውና።