ውርጭ የሚወርደው በበጋ ነው

ከናይሮቢ መሃል ከተማ ተነሥታችሁ ወደ ኬንያ ተራራ ለምትወጡ፦ ክረምቱን በወር ሳይሆን በሰዓት ፈልጉት። የተጓዦች መድረሻ የሆነው ሌናና ጫፍ 4,985 ሜትር ነው፤ ናይሮቢ 1,700 ገደማ። በየሺህ ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ ከተማው ሌሊት 12 ዲግሪ ሲሆን ጫፉ በግምት ከዜሮ በታች 9 ይሆናል፤ ነፋሱን ሳንቆጥር። «ምድር ወገብ ላይ ምን ብርድ አለ?» ለሚሉ መልሱ ይኸው ስሌት ነው።

«ጥርና የካቲት ደረቅ ናቸው፣ አይበርድም» የሚለው ክርክር ግን ጠንከር ይላል። ዝናቡስ እውነትም ያኔ ይቀንሳል። ሆኖም የኢትዮጵያ ደጋ ልጅ እንደሚያውቀው ውርጭ የሚጥለው በኅዳርና በታኅሣሥ የጠራ ሰማይ እንጂ በሐምሌ ጭጋግ አይደለም። ደመና የምድር ብርድ ልብስ ነው፤ ሲገፈፍ ቀን የተጠራቀመው ሙቀት ሌሊት ሽቅብ ያመልጣል። በዚያ ላይ ከሰዓት በኋላ ጭጋግ ጫፉን ስለሚሸፍነው፣ ተጓዦች ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ተነሥተው ጎህ ሲቀድ ይደርሳሉ፤ ይህም ከዕለቱ ሁሉ የሚበርደው ሰዓት ነው። ስልካችሁ በተራራው ግርጌ ያለችውን ናንዩኪን ፀሐያማ አድርጎ ቢያሳያችሁ አትታለሉ፤ ከተማዋ ከጫፉ 3,000 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ጓንቱንና ወፍራሙን ጃኬት የምትይዙት በዋናነት ለጠራው ሌሊት ነው።