ባለ አርባ ሽቦው ጎማ
(በራድዮ ከተሰጠ ንግግር)

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ብስክሌት ጎማ ነው። «ንባብና ጎማ ምን አገናኛቸው?» ትሉ ይሆናል። ቆዩ፤ እንደርስበታለን።

በሰፈሬ፣ በአራዳ፣ በዘበኝነት የሚሠሩ አንድ ሰው አሉ። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ማታ ወደ ሥራ፣ ጧት ወደ ቤት የሚመላለሱት በአሮጌ የእንግሊዝ ብስክሌት ነው። አንድ ቀን ብስክሌቱ ጉድጓድ ገባና የኋላው ቸርኬ ተጣመመ። ከደመወዛቸው ቀንሰው አዲስ ቸርኬ ገዙ። ሊገጥሙት ሲሉ ግን እምቢ አለ። ሻጩም «የተሸጠ ዕቃ አልመልስም» አለ። ያለ ብስክሌት ደግሞ ሥራቸው በሰዓቱ አይደረስም። ጥፋቱ ምን ነበር? ቀዳዳውን የቆጠረ ሰው አልነበረም።

እስቲ አስቀድመን ቃላቱን እንወቅ። ቸርኬ ማለት ጎማው የሚለብሰው ክብ ብረት ነው። ሞዞ ማለት መካከል ላይ ያለው የጎማው እምብርት ነው። ሁለቱን የሚያያይዙት ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው። ሽቦውን ቸርኬው ላይ የምታጠብቀው ትንሽ ነገር ዳዶ ትባላለች። እነዚህ ቃላት የጣልያን ናቸው፤ ፒያሳም ራሱ በጣልያንኛ አደባባይ ማለት ነው። ጣልያን አዲስ አበባን የያዘው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነበር። ሰውዬው ሄደ፤ ቃሉ ግን በመካኒክ አፍ ቀረ።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ብዙዎቹ ብስክሌቶች ፊትም ኋላም 36፣ 36 ሽቦ አላቸው። የድሮ የእንግሊዝ ብስክሌት ግን ፊት 32፣ ኋላ 40 ነው። ደምሩት! 36 እና 36፣ 72 ነው። 32 እና 40ም፣ 72 ነው። እንግሊዝ ሽቦ አልጨመረም፤ ከፊት ቀንሶ ክብደት ወደሚበዛበት ወደ ኋላ አዞረው እንጂ። የጋሼ ሞዞ 40 ቀዳዳ ነበረው፤ የገዙት ቸርኬ 36። አራት ሽቦ ማሰሪያ አጣ።

አራቱን ቀዳዳ ባዶ ትቶ መሥራት ይቻላል የሚል አለ። ጎማው ይዞራል፤ ነገር ግን ሽቦዎቹ እኩል አይሳቡም፣ ቁመታቸውም አንድ አይሆንም። በየቀኑ ለሚሠራበት ሰው እኔ አልመክርም።

«ታዲያ ሞዞውን ለምን አይለውጡትም?» አልኳቸው። ጋሼ ሳቁ። «ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ያለውን ዳገት አንተ ትገፋልኛለህ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሞዞው ተራ ሞዞ አይደለም፤ ሦስት ማርሽ በሆዱ ይዟል። በውስጡ ትንንሽ ባለጥርስ መዘውሮች በአንድ መካከለኛ መዘውር ዙሪያ ይዞራሉ። በመካከለኛው ማርሽ ሰንሰለቱ የሚነዳው ጥርስ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማውም አንድ ጊዜ ይዞራል። በዳገቱ ማርሽ ጎማው የሚዞረው ሦስት ሩብ ብቻ ስለሆነ እግር ይቀለዋል። በሜዳው ማርሽ ደግሞ አንድ ዙርና ሲሶ ይሄዳል።

ብረቱን በጨርቅ ስንጠርገው ጽሑፍ ወጣ። ጋሼ ጣታቸውን አስጠግተው «ስድስት … ሁለት» ብለው አነበቡ። ሞዞው የተሠራበት ዓመት ነው፤ 1962 በፈረንጅ አቆጣጠር። በእኛ 1954 ወይም 1955 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የሠራው ስተርሚ አርቸር የሚባል የእንግሊዝ አገር ፋብሪካ ነው። ጋሼ ለስንት ዓመት ነድተውት ዕድሜውን ያወቁት ያን ቀን ነው።

እንግዲህ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወርደን ባለ 40 አሮጌ ቸርኬ ፈልገን አገኘን። ሦስት ጊዜ ቆጠርነው። ሽቦም ስንገዛ ያልተሰበረውን አሮጌ ሽቦ ይዘን ለካን፤ ይህ ሞዞ ከተራው ሞዞ ወፈር ስለሚል ሽቦው ያጥራል።

አሠራሩ እንደ ስፌት ነው፤ ከሥርና ከላይ ይጠላለፋል። ከሞዞው ግራ ጎን 20፣ ከቀኝ ጎን 20 ሽቦ ይወጣል። ከየጎኑ ግማሹ ወደፊት፣ ግማሹ ወደኋላ ያዘነብላል። ቀጥ ብለው ቢወጡ ፔዳሉ ሲረገጥ ሞዞው ብቻውን ሊጠመዘዝ ይሞክራል፤ ሲጠላለፉ ግን ቸርኬውን ይዘውት ይዞራሉ። መጀመሪያ ዳዶዎቹ ሁሉ እኩል፣ ላላ ተደርገው ይያዛሉ። አንዱን ጥብቅ፣ ሌላውን ላላ አድርጎ የጀመረ ሰው ሲያርም ይመሻል።

ቀጥሎ ማቃናት ነው። ብስክሌቱን ገልብጡት። ጠመኔ ከብረቱ ጋር አስደግፋችሁ ወደ ቸርኬው አስጠጉና ጎማውን በቀስታ አዙሩ። የጎበጠው ቦታ ጠመኔውን ይነካል፤ ነጭ ምልክትም ይቀራል። ምልክቱ በቀኝ ከሆነ እዚያው ያሉትን የግራ ሽቦዎች አጥብቁ፣ የቀኞቹን አላሉ። ሩብ ዙር ብቻ! እኔ መጀመሪያ ቀን ሙሉ ዙር አዙሬ ጎማውን እንደ እንጀራ አጠፍኩት።

ዳዶ ለማጥበቅ በየት በኩል ይዞራል? ከላስቲኩ ወገን ሆኖ ወደ ሞዞው ለሚያይ ሰው፣ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ነው። ብዙ ሰው ከሞዞው ወገን እያየ ተሳስቶ ያላላዋል። ቸርኬው ወደ ላይ ያበጠበት ቦታ ካለ እዚያ ያሉትን የግራና የቀኝ ሽቦዎች አብራችሁ አጥብቁ።

የመጨረሻው ፈተና ጆሮ ነው። ክራር የሚቃኝ ሰው ጅማቱን ነካ እያደረገ እንደሚያዳምጥ፣ እናንተም ሽቦውን በጥፍር ምቱ። በአንድ ጎን ያሉት ሁሉ ተቀራራቢ ድምፅ መስጠት አለባቸው። ወፍራም ድምፅ የሚሰጠው ላልቷል። ከዚያ ሽቦዎቹን ጥንድ ጥንድ እያደረጋችሁ በእጅ ጨምቁ፤ ያልተደላደለው ቋ ብሎ ቦታውን ይይዛል። ከዳዶው አልፎ የወጣ የሽቦ ጫፍ ካለ በሞረድ አስተካክሉት፤ አለዚያ ከመነዳሪውን ይበሳዋል። ከሳምንት በኋላም ጠመኔውን መልሳችሁ አስጠጉ፤ አዲስ ጎማ ጥቂት መላላቱ አይቀርም።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ በሰፊው ፈርሶ መንገዱ ሲሠራ፣ ለብስክሌት የሚሆን መስመር ወጥቶለታል። ጋሼ አሁን በዚያ መስመር ይሄዳሉ። ያልገጠመው ባለ 36 ቸርኬ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ሊሸጡት ገዢ ሲመጣ «መጀመሪያ የሞዞህን ቀዳዳ ቁጠር» እያሉ ይመልሱታል።